የናዳው ሞዴል «ቤቶቹ ጋ አይደርስም» አለኝ፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ደብረ ሲና ዙሪያ የማስተምር የሂሳብ መምህር ነኝ። ከሰፈራችን በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ካለፈው ክረምት ወዲህ ስንጥቅ ይታያል። የሱናሚ ሞገድ የሚያሰላ ነፃ ሶፍትዌር አወረድኩ። ባለ 30 ሜትር የከፍታ ካርታ ጫንኩበትና 5 ሜትር ውፍረት ያለው ናዳ ለቀቅኩ። መጀመሪያ 400 ሜትር ከፍታ ያለው ማዕበል አሳይቶኝ ደነገጥኩ። ቅንብሩን ስነካካው ረጋ አለ። አሁን ናዳው ከቤቶቹ በላይ 200 ሜትር ያህል ሲቀረው ይቆማል። ይህን ለቀበሌ አቅርቤ ‹ስጋት የለም› ብል ያስኬዳል? ከዝናቡ ጋር አገናኝቼ የሚወርድበትን ቀን ማወቅስ ይቻላል? የፈንታሌው ዓይነት መንቀጥቀጥ ቢደገም እኛም ጋ ሱናሚ መሰል ነገር ይመጣል የሚሉ አሉ።»

መልስ፦ አያስኬድም። «ስጋት የለም» የሚለውን ከወረቀትህ ላይ ሰርዝ። ቀበሌ ከመሄድህ በፊት ሰርዝ፤ አንዴ ሰው ጆሮ ከገባ አይወጣም። ሥራህ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ሶፍትዌሩ ያልጠየቅከውን የመለሰልህ መስሎሃል። የጠየቅከው «ይህን ያህል አፈር ከዚህ ቦታ ቢነሳ፣ ሰበቃው ይህን ያህል ቢሆን፣ የት ይደርሳል?» ብለህ ነው። «ተዳፋቱ ይነሳል ወይ? መቼ? ምን ያህሉ?» የሚለውን አልጠየቅከውም። ብትጠይቀውም አያውቅም። ናዳውን የለቀቅከው አንተ ነህ፣ ማውስ ጠቅ አድርገህ።

ሱናሚውን እናስቀድም፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ሱናሚ የሚነሳው በአንድ ጊዜ ከቦታው የተነቃነቀ ብዙ ውሃ ሲኖር ነው። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ሱማትራ አጠገብ የባሕሩ ወለል ሲነሳ በላዩ ያለውን ውሃ ሁሉ አነሳው። 4,000 ሜትር ጥልቀት ባለው ባሕር ላይ እንዲህ ያለ ሞገድ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። እናንተ ጋ፣ ታርማበር ላይ ባሕር የለም፣ ሱናሚም የለም። ናዳ ሐይቅ ወይም ግድብ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት በተባለው ግድብ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ተራራው ተንሸራትቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ውሃው ግድቡን ዘሎ ወደ 2,000 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። ግድቡ ራሱ አልፈረሰም። ከሰፈርህ በላይም በታችም እንዲህ ያለ የተጠራቀመ ውሃ እስከሌለ ድረስ ይህን ፍርሃት ተወው። እናንተን የሚመለከተው የዚህ ታናሽ ወንድም ነው፤ ናዳ ወርዶ ወንዝ ሲዘጋ፣ ኋላ የተኛው ውሃ በድንገት ጥሶ ሲለቀቅ። ያን ጊዜ ወደ ሮቢ ተፋሰስ ቁልቁል ላለው ሰው የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። ያወረድከው ሶፍትዌር በእውነት የሚያዋጣህም እዚህ ላይ ነው፤ የተሠራው ለውሃ ነውና።

ለአፈርስ? እኩልታው ዘመድ ነው። ፈረንሳዊው ሳን ቬናን በ1871 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ውሃውን ከላይ እስከ ታች አይከታተልም። አማካይ ፍጥነትና ጥልቀት ብቻ ይይዛል። ሱናሚም የወንዝ ጎርፍም በዚህ ይሰላል። ሳቬጅና ሁተር በ1989 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ሐሳብ ወስደው ቁልቁል ለሚወርድ ድንጋይና አፈር አበጁት። ያበጁት ግን ሁለት ነገር ለውጠው ነው። አንደኛ፣ ጥልቀቱን የሚለኩት ቀጥ ብለው ሳይሆን ለተዳፋቱ ቀጤ ነክ አድርገው ነው። ሜዳ ላይ ልዩነት የለውም፤ 30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ግን አለው። ሁለተኛ፣ ሰበቃ አስገቡ። ውሃ ሜዳ እስኪያገኝ ይፈስሳል፣ አፈር ግን ቁልቁለት ላይም ይቆማል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የተጠቀምክበት ሶፍትዌር የአፈር ሰበቃ አለው ወይስ የውሃ ብቻ? የውሃ ብቻ ከሆነ፣ ናዳህ ቤቶቹ ሳይደርስ «የቆመበት» ምክንያት ምናልባት ስሌቱን ቶሎ ስላቋረጥከው ነው።

ወደ 400 ሜትሩ ማዕበል እንምጣ። እሱ ተፈጥሮ አይደለም፣ የስሌት እብደት ነው። ምክንያቱ በ1928 እ.ኤ.አ. ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ ያሳዩት ገደብ ነው። የዕድር ለፋፊን አስብ። ቤት ለቤት እየዞረ መርዶ ይናገራል። አንድ ቤት ዘሎ ካለፈ ያ ቤት ቀብር ቀረ። በስሌቱም እንደዚያ ነው። ሶፍትዌሩ ጊዜውን እየቆራረጠ ነው የሚያሰላው፤ በአንድ የጊዜ እርምጃ ውስጥ ወሬው ካርታው ከተከፋፈለባቸው ካሬዎች ከአንዱ በላይ ዘሎ መሄድ የለበትም። ካሬህ 30 ሜትር ነው። ናዳው በሰከንድ 20 ሜትር ይሮጣል እንበል። በላዩ የሞገዱ የራሱ ፍጥነት አለ፤ ለ5 ሜትር ጥልቀት በሰከንድ 7 ሜትር ያህል። ሲደመር 27። 30ን ለ27 ስታካፍል እርምጃህ 1 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። ለጥንቃቄ ግማሹን ውሰድ። 5 ሰከንድ አድርገህ ከነበረ ሶፍትዌሩ ቢያብድ አይፈረድበትም። ካሬውን ወደ 5 ሜትር ብታወርደው ደግሞ ካሬዎቹ 36 እጥፍ፣ እርምጃዎቹ 6 እጥፍ ይሆናሉ፤ በጠቅላላ 216 እጥፍ ሥራ። ላፕቶፕህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ያድራል።

የሚያሳስበኝ ግን «ስነካካው ረጋ አለ» ያልከው ነው። ምኑን ነካካኸው? የጊዜውን እርምጃ ካሳጠርክ ጥሩ። ሰበቃውን ከፍ አድርገህ፣ ወይም ማለስለሻውን (ሹል ሞገድን የሚያደበዝዘውን ቅንብር) ጨምረህ ከሆነ የረጋው ግን ናዳውን አስረህ ስላስቀመጥከው ነው። ያ 200 ሜትር የተገኘውም ከዚያው ሊሆን ይችላል። መርጋት ትክክል መሆን አይደለም። ስህተቱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከሚያብደው ይልቅ ያስፈራኛል። የሚያብደው ቢያንስ ይጮሃል።

ሁለት ቀላል ፈተና አለ፣ ከማንኛውም ናዳ በፊት ሥራቸው። ወጣ ገባ ወለል ላይ የረጋ ሐይቅ አስቀምጥና ሶፍትዌሩን ለአንድ ሰዓት አስሮጠው። ውሃው ከተንቀሳቀሰ ስሌቱ የራሱን ሞገድ እየፈጠረ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአፈሩ ድምር ነው። ሲነሳ የነበረው ኩብ ሜትርና ሲቆም ያለው እኩል መሆን አለበት። በካርታው ጠርዝ ሳይወጣ ከጎደለ ወይም ከተረፈ እዚያው አቁም። የናዳው ጫፍ ቀጭን በሚሆንበት ቦታ ጥልቀቱ ከዜሮ በታች የሚሆንበት ፕሮግራም አለ፤ ድምሩ የሚዛባው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን ንቄ የከፍታውን ፋይል ሰሜንና ደቡቡን ገልብጬ ጫንኩት። ጎርፉ ዳገት ወጣ። ሦስት ቀን «አዲስ ክስተት» አገኘሁ ብዬ ስዞር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሰበቃው ቁጥር። ብዙ የናዳ ሶፍትዌር ስዊዘርላንዳዊው ፎልሚ በ1955 እ.ኤ.አ. ለበረዶ ናዳ ያወጣውን ሕግ ይጠቀማል። በውስጡ የሚቆምበትን ቦታ በዋናነት የሚወስን አንድ ቁጥር አለ። ቁጥሩ 0.2 ከሆነ ናዳው ከ11 ዲግሪ ያነሰ ቁልቁለት ሲያገኝ ፍጥነቱ እየሞተ ይሄዳል። 0.1 ከሆነ እስከ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀጥላል። በናፕኪን ላይ ልሥራልህ። 300 ሜትር ቁልቁል የወረደ ናዳ በ0.2 ሲሰላ 1,500 ሜትር አግድም ይሄዳል። በ0.1 ሲሰላ 3,000። አንተን የሚያድንህ 200 ሜትር ነው። 1,500ውን 1,700 ለማድረግ ቁጥሩ ከ0.2 ወደ 0.176 መውረዱ ይበቃል። ናዳው በሄደ ቁጥር ቁልቁል ስለሚጨምር እንዲያውም ከዚያ ያነሰ ለውጥ ይበቃዋል። አንድ ክረምት ውሃ የጠጣ ጭቃና ደረቅ ድንጋያማ አፈር መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ እጅግ ይሰፋል። እንግዲህ ቤቶቹን ከናዳው የለየው ተራራው ሳይሆን ከ0.03 ያነሰች የቁጥር ልዩነት ናት። እሷን የመረጥካት ደግሞ አንተ ነህ። ወይም የባሰው፣ ሶፍትዌሩ ሲከፈት የነበረች ናት።

ይህን ቁጥር ከኪስህ አታውጣ፤ ከአካባቢህ አውጣ። ሩቅ አትሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. እዚያው ደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ወይን በተባለው ቦታ ላይ የወረደው ናዳ ቤትና እርሻ አጥፍቶ ብዙ ሺህ ሰው አፈናቅሏል። የቆመበት ቦታ ዛሬም በዓይን ይታያል። ያንን ናዳ በሶፍትዌርህ መልሰህ አውርደው። የትኛው ቁጥር እውነተኛው ቦታ ላይ ያቆመዋል? ለዚህ የሚሆን ደስ የሚል አጋጣሚ አለ። በነፃ የሚገኘው የኤስአርቲኤም የከፍታ ካርታ የተነሳው በየካቲት 1992 ዓ.ም. ነው፤ ከናዳው በፊት። ኮፐርኒከስ የሚባለው ካርታ ደግሞ ከናዳው በኋላ የተነሳ ነው። የጥንቱን መሬት ለማስመሰል የመጀመሪያውን፣ ለዛሬው ሰፈርህ ሁለተኛውን ተጠቀም። ዛሬ የያዝከው የትኛው እንደሆነ አየኸው? ብዙ ሰው ሳያውቅ የሌለ ተራራ ላይ ይሠራል።

ሁለቱም ካርታዎች ግን ባለ 30 ሜትር ናቸው። 15 ሜትር ስፋት ያለው ገደላማ ጅረት በዚያ ካሬ ውስጥ ይጠፋል። ጭቃ የሚመርጠው ደግሞ እንዲህ ያለውን ጅረት ነው። በከፍታውም ጥቂት ሜትር ስህተት አለ፣ ገደል ላይ ይብሳል። አንተ የምትለቀው ናዳ 5 ሜትር ነው። ስህተቱና ናዳው እኩል ሲሆኑ በካርታ ላይ የቤት ቁጥር መለየት ቀልድ ነው።

ሌላም አለ። የይዛባ ወይን ዓይነቱ ናዳ በአንድ ጊዜ ተበታትኖ እንደ ውሃ የሚሮጥ ብቻ አይደለም። በብዙው በጥልቀት ተቆርጦ እየተንፏቀቀ የሚሄድ ነው። ታርማበር የሚለው ስም በጂኦሎጂ መጻሕፍት የባዛልት ስያሜ እስከመሆን የደረሰው በከንቱ አይደለም። ከላይ ጠንካራ የተሰነጣጠቀ ባዛልት አለ፣ ውሃ ያስገባል። ከሥሩ የበሰበሰ አመድማ ድንጋይና ከገደል የተከማቸ ልል አፈር አለ፣ ውሃውን ይይዛል። ስለዚህ የፍሰት ሞዴል ከመክፈትህ በፊት የመረጋጋት ስሌት ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ለአንድ የሂሳብ መምህር የጥቁር ሰሌዳ ሥራ ነው። አፈሩን የሚይዘውን ኃይል ለሚጎትተው አካፍል። ውጤቱ ከ1 በታች ከወረደ ይንሸራተታል። የአፈሩ የሰበቃ ማዕዘን 30 ዲግሪ፣ ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ይሁን። ደረቅ ሲሆን 1.59 ታገኛለህ፤ ምቹ ነው። ውሃው እስከ ላይ ሞልቶ በተዳፋቱ አቅጣጫ ሲሰርግ ውጤቱ በግምት በግማሽ ይወርዳል፤ 0.8። ተራራው ያው ነው፣ ማዕዘኑም ያው ነው። የተለወጠው ውሃ ብቻ ነው።

ቀኑን መተንበይ የማይቻለውም በዚሁ ነው። ዝናቡን መለካት ቀላል ነው፤ 20 ወይም 30 ሜትር ሥር ያለው ውሃ የት እንደደረሰ ግን ጉድጓድ ካልተቆፈረ አይታወቅም። ጥልቅ ናዳ ከዝናቡ ዘግይቶ ይመጣል። ይዛባ ወይን የወረደው መስከረም ከጠባ በኋላ ነበር፣ ሰው ክረምቱን በሰላም አለፍን በሚልበት ጊዜ። «ዛሬ 60 ሚሊ ሜትር ዘነበ፣ ስለዚህ ዛሬ ይወርዳል» የሚል ቀመር ለስስ የአፈር ናዳ ሊቀርብ ይችላል። ለእናንተ ስንጥቅ ግን አልመክርም።

መንቀጥቀጡ በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ ትልልቆቹ መጠናቸው 6 አካባቢ የደረሱ ነበሩ፤ እስከ አዲስ አበባ ተሰምተዋል። ሰሜን ሸዋ ራሱ የበለጠ ያየ አገር ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፣ የደሴውን መንገድ ሰንጥቋል። መሬቱ በጎን በኩል የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ቢገፋ፣ ያ 1.59 ወደ 1.2 ይወርዳል። ደረቅ ተዳፋት ይችለዋል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ 1.1 ላይ የቆመው ግን አይችለውም። የመንቀጥቀጡን ቀን ማንም አያውቅም። እነግርሃለሁ የሚልህ ካለ ገንዘብህን ጠብቅ።

እንግዲህ ምን ታድርግ? ላፕቶፑን ለጊዜው ዝጋውና ችካል ቁረጥ። ከእያንዳንዱ ስንጥቅ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ችካል በደንብ ቅበር። ራሳቸው ላይ ምስማር ምታ። በየማለዳው በሜትር በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካ፣ ቀኑን ጻፍ። ተማሪዎችህ ይህን ከአንተ ይሻሉበታል፣ ግን ስንጥቁ ከተፋጠነ በኋላ አንድም ልጅ እንዳትልክ። ከዚያ የቀኑን ፍጥነት አውጣና ግልባጩን በግራፍ ወረቀት ላይ አስቀምጥ፤ 1 ለፍጥነቱ ሲካፈል ማለት ነው። ፉኩዞኖ የተባለ ጃፓናዊ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዘዴ ነው። ስንጥቁ ዛሬ 2፣ ነገ 2.5፣ ከነገ ወዲያ 3.3 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ግልባጩ 0.5፣ 0.4፣ 0.3 ይሆናል። መስመሩን ብታስረዝመው ከመጨረሻው ንባብ ሦስት ቀን በኋላ ዜሮን ይነካል። ያ ግምታዊው የመውደቂያ ጊዜ ነው። የሜትር ንባብ የአንድ ሚሊ ሜትር ስህተት ስላለው በሁለት ቀን ንባብ አትፍረድ። ዜሮውን ግን ቁጭ ብለህ አትጠብቅ፤ መስመሩ ያለማቋረጥ ወደ ታች ካዘነበለ ሰዉ የዚያኑ ቀን ይውጣ። ባዶ ሜዳ ላይ ሦስት ሌሊት አድሮ መመለስ ያናድዳል፣ ይናደዱብህ።

በተጓዳኝ ውሃውን አባር። ከላይኛው ስንጥቅ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈርና ውሃው በጎን ወደ ጠንካራ ጅረት ይውሰድ። ስንጥቆቹ በሸክላ አፈር ይደፈኑና ይጠቅጠቁ። እዚህ ላይ ከግብርና ባለሙያዎቹ ጋር ልትጋጭ ትችላለህ። ለተፋሰስ ልማት የሚቆፈረው ውሃ ማስረጊያ ትሬንች ሌላ ቦታ በረከት ነው። በተሰነጠቀ ተዳፋት ላይ ግን ተራራውን ውሃ ማጠጣት ነው፤ ይደፈን። የመስኖ ቦይም ኩሬም እዚያ አይኑር። «ባሕር ዛፍ እንትከል» ለሚሉህ ደግሞ ሥሩ በአብዛኛው የሚይዘው የላይኛውን ሜትር ሁለት ሜትር አፈር ነው፤ 20 ሜትር ሥር ያለውን መቆራረጥ አያውቀውም።

ሞዴሉን ከዚህ ጎን ለጎን ቀጥልበት። ግን አንድ ጊዜ ሳይሆን ብዙ ጊዜ አስሮጠው። ሰበቃውን ከ0.05 እስከ 0.3፣ ውፍረቱን ከ2 እስከ 15 ሜትር እየለዋወጥክ። የመጨረሻውን የውጭ ጠርዝ ብቻ ውሰድና ካርታውን «ሊደርስበት የሚችል» በለው። ቤቶቹ በዚያ ክልል ውስጥ ይገባሉ፣ አልጠራጠርም። ለቀበሌ የምታቀርበው ይህንን ነው፣ ከችካሉ ደብተር ጋር። ወረዳው የጂኦሎጂ ባለሙያ እንዲጠራ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሚቆፈር ጉድጓድና የሚለካ ውሃ ካልተገኘ እኔም ሆንኩ ማንም በርቀት ሆኖ «አይወርድም» ሊልህ አይችልም። ለነዋሪው ደግሞ ካርታ ሳይሆን ምልክት ንገር። ንጹሕ ምንጭ ድንገት ሲደፈርስ፣ ደረቅ ቦታ ውሃ ሲፈልቅ፣ በር አልዘጋ ሲል፣ ዛፍና አጥር ሲያጋድል። ሲወጡም ጅረቱን ተከትለው ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ዐለታማው ጉብታ ይውጡ። መንገዱን በቀን አንዴ ሄደው ይዩት፣ ሽማግሌና አራስ ያለበትን ቤት ለይታችሁ።

ልኬቱን ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ እንዳታቆም። አዲስ ዓመት ሲመጣ ሁሉም ወደ ደመራና ወደ እሸቱ ይዞራል፣ ደብተሩ ይረሳል። ቢያንስ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ቀጥል፤ በልግ ሲዘንብ እንደገና ጀምር።